ለመጥፎ መንገድ የሚሆን መኪና ያፈለቀው መሐንዲስ፦ የሐንስ ሌድቪንካ ሕይወትና ሥራ

በክረምት ወራት ማዳበሪያ ወይም ምርጥ ዘር የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ብዙውን ጊዜ የሚታማው ሞተሩ ነው። ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ሞተሩ ጉልበት ሳያንሰው መኪናውን የሚያስቆሙት ሁለት ምክንያቶች ሆነው ይገኛሉ። አንደኛው በጎማዎቹ መካከል ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው የዲፈረንሻል ሳጥን ከመንገዱ ጉብታ ጋር መላተሙ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ሲጎረብጥ አንዱ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ በከንቱ መሽከርከሩ ነው።

እነዚህን ሁለት ችግሮች ለማስወገድ ከደከሙት የአውሮፓ መሐንዲሶች መካከል ሐንስ ሌድቪንካ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ይህ ሰው የታትራን መኪና በዓለም ያሳወቀ፣ የሥራው ፍሬ ከከተማ አውቶሞቢል እስከ ከባድ የጭነት መኪና የተዳረሰ፣ ነገር ግን በስተርጅናው እስር ቤት የገባ ባለሙያ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቁልፍ ሠሪነት እስከ መሐንዲስነት

ሐንስ ሌድቪንካ የካቲት 14 ቀን 1878 በኦስትሪያ አገር፣ ከቪየና ከተማ አጠገብ በምትገኘው ክሎስተርኖይቡርግ ተወለደ። በወጣትነቱ የብረታ ብረት ሥራ ተለማምዶ፣ በቪየና የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ የቴክኒክ ትምህርቱን ተከታተለ። ከመሐንዲስነቱ በፊት ብረት ቆርጦ መሞረድን፣ አጣብቆ ማያያዝን በእጁ ያወቀ ስለነበር በኋላ ዘመኑ የነደፋቸው መሣሪያዎች ሁሉ ቀለል ያሉና ለጥገና የሚመቹ እንዲሆኑ ይህ ልምድ እንደረዳው ይታመናል።

በ1897፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በሞራቪያ ክፍለ አገር ኔሰልስዶርፍ በተባለው ቦታ ይገኝ ከነበረው የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ተቀጠረ። ይህ ፋብሪካ በ1850 በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ በመሥራት የተቋቋመ ሲሆን፣ ሌድቪንካ በገባበት ዓመት ፕሬዚደንት የተባለውን የመጀመሪያ አውቶሞቢሉን ሠርቶ አውጥቷል። ወጣቱ ሠራተኛ በመጀመሪያ የተመደበው በባቡር ፉርጎ ክፍል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ አዲሱ የአውቶሞቢል ሥራ ተሳበ።

በ1902 ፋብሪካውን ለቆ በቪየና በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ መኪናዎችን በመንደፍ ሥራ ተሰማራ። ሥራው ብዙም ውጤት ስላላስገኘ በ1905 ወደ ኔሰልስዶርፍ ተመልሶ የአውቶሞቢሉን ክፍል በኃላፊነት ያዘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ደግሞ በኦስትሪያ ሽታየር ከተማ ወደሚገኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተዛወረ። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ ጠመንጃ ፈላጊ ስላጣ ፋብሪካው አውቶሞቢል ወደ መሥራት ዞረ፤ የመጀመሪያዎቹን የሽታየር አውቶሞቢሎች የነደፈውም ሌድቪንካ ነው።

የታትራ መኪና አወላለድ

ከ1918 በኋላ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ፈርሶ ቼኮስሎቫኪያ የምትባል አዲስ አገር ተመሠረተች። ኔሰልስዶርፍም በቼክ ቋንቋ ኮፕርዢቭኒትሴ ተብላ ትጠራ ጀመር። የፋብሪካው አውቶሞቢሎችም በአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ስም ታትራ ተባሉ። ሌድቪንካ በ1921 ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ በአእምሮው ይዞት የመጣው አንድ ሐሳብ ነበር። ይኸውም ዋጋው የማይከብድ፣ አሠራሩ ቀላል የሆነ፣ በመጥፎ መንገድ ላይ የማይሰበር አነስተኛ መኪና መሥራት ነው።

በዚያን ጊዜ መኪና ሁሉ የሚሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር ለማለት ይቻላል። ሁለት ረጃጅም ብረቶች እንደ መሰላል በአግዳሚ ተያይዘው ሻንሲ ይሆናሉ። ከሥራቸው ባሌስትራ ይታሰራል፤ በባሌስትራው ላይ ደግሞ ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው የሚዘልቅ ወጥ አክስል ይገጠማል። አንደኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ በሙሉ ያዘነብላል፤ የወዲያኛውም ጎማ አብሮ ይናወጣል። የመሰላሉ ሻንሲም በጎርባጣ መንገድ ላይ እየተጠማዘዘ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ይሰነጠቃልም።

ሌድቪንካ በ1923 ለሕዝብ ባቀረበው ታትራ 11 በተባለው መኪና ይህንን አሠራር ከሥሩ ለወጠው። በመሰላሉ ሻንሲ ፈንታ አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ በመኪናው መካከል እንደ አከርካሪ አጥንት ዘረጋ። በቱቦው የፊት ጫፍ ሞተሩንና ካምቢዮውን፣ በኋላ ጫፍ ዲፈረንሻሉን በብሎን አሰረ። ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ በቱቦው ውስጥ ስላሳለፈው ጭቃ፣ ድንጋይና ውኃ ሊያገኘው አልቻለም። ቱቦ ደግሞ እንደ መሰላል በቀላሉ አይጠማዘዝም።

የኋላውን አክስል ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱ ግማሽ እንደ ወፍ ክንፍ ለብቻው ከፍና ዝቅ እንዲል አደረገው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው መሬቱን እንደያዘ ይቀራል። ዲፈረንሻሉም ከቱቦው ጋር የታሰረ ስለሆነ ከጎማው ጋር አይዘልም። ጎማው ይዞት የሚነሣው ክብደት ሲቀንስ ጎማው መሬቱን ቶሎ ተከትሎ ይወርዳል፤ ጭነቱም ሆነ ተሳፋሪው አነስተኛ ንቅናቄ ይደርስበታል።

ሞተሩ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ 12 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። ራዲያተር ስለሌለው በብርድ ጊዜ ውኃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን አይሰነጥቅም፤ በሙቀት ጊዜም ፈልቶ አያስቆምም። በ1925 እነዚህ ትንንሽ መኪናዎች በኢጣሊያ ሲሲሊ ደሴት ተራራማ መንገዶች ላይ በሚደረገው የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር በአነስተኛ ሞተር ምድብ ድል አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት ባለ ስድስት ጎማው ታትራ 26 ተሠራ። የክንፍ አክስሉ አሠራር ለሸክም መኪናም እንደሚሆን በዚህ ተረጋገጠ።

ጭነት ሲበዛ የሚገለጠው ጉድለት

ሆኖም ማንኛውም አሠራር ጥቅም ብቻ ያለው አይደለም። በክንፍ አክስል ላይ የተገኙት ጉድለቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ጎማው ከፍና ዝቅ ሲል ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ያዘነብላል። ባዶውን ሲሄድ የጎማዎቹ የታች ጫፍ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ከመጠን በላይ ሲጫን ደግሞ ወደ ውጭ ይከፈታል። በዚህ ምክንያት ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ሊበላ ይችላል።

ሁለተኛ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ኩርባ ሲታጠፍ የመኪናው የኋላ ክፍል ተነሥቶ መንሸራተት ይቀናዋል። ሌድቪንካና ባልደረቦቹ በ1934 ያወጡት ታትራ 77፣ ቀጥሎም ታትራ 87፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተራቸውን ከኋላ የተሸከሙና ነፋስን ሰንጥቀው እንዲሄዱ ሆነው የተቀረጹ ፈጣን አውቶሞቢሎች ነበሩ። ሾፌሩ ካልተጠነቀቀ ይኸው ጠባይ በኩርባ ላይ አደጋ ያመጣ ነበር።

ሦስተኛውና የገጠር መኪናን በይበልጥ የሚመለከተው ጉድለት ይህ ነው። ወጥ አክስል ያለው መኪና ምንም ያህል ቢጫን ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከመሬት ያለው ከፍታ አይለወጥም። ክንፍ አክስል ባለው መኪና ግን ዲፈረንሻሉ ከሻንሲው ጋር ስለታሰረ ጭነቱ ሞላውን ሲጫነው አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ከፍታ በሚያስፈልገው ሰዓት ሆዱ ወደ መሬት ይቀርባል።

ፖርታል አክስል ምን ይሠራል?

ለዚህ ጉድለት መድኃኒት ሆኖ የተገኘው ፖርታል አክስል የሚባለው አሠራር ነው። ፖርታል ማለት በር ማለት ሲሆን፣ አክስሉ ከጎማዎቹ መካከለኛ ነጥብ በላይ አልፎ በሁለቱ ጫፍ ወደታች ስለሚወርድ ከፊት ሲታይ የበር ቅርጽ ይኖረዋል። በእያንዳንዱ ጎማ ዘንድ አንድ የጥርስ ሳጥን ይገጠማል። ከላይ ያለው ትንሹ ጥርስ ከዲፈረንሻሉ የመጣውን ኃይል ይቀበላል፤ ከታች ያለው ትልቁ ጥርስ ደግሞ ጎማውን ያዞራል።

ጥቅሙን በምሳሌ ለመረዳት ይቻላል። የጎማው ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መካከሉ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። የዲፈረንሻሉ ሳጥን ከዚያ በታች 15 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ከመሬት የሚቀረው ክፍተት 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በፖርታል ሳጥን አክስሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ጎማው ሳይለወጥ ክፍተቱ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህንኑ ከፍታ ጎማ በመለወጥ ብቻ ለማግኘት 100 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ጎማ ውድ ነው፤ ከባድ ነው፤ ፍሬኑንና መሪውንም ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጥቅም ጥርሶቹ ፍጥነትን ቀንሰው ጉልበትን ማብዛታቸው ነው። ከታች ያለው ጥርስ የላይኛውን ሁለት እጥፍ ቢሆን፣ ከዲፈረንሻል እስከ ጎማ ያለው ዘንግ የሚሸከመው የመጠምዘዝ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ስለሆነም ቀጭን ዘንግና አነስተኛ ዲፈረንሻል መጠቀም ይቻላል። ሳጥኑ በማነሱም ከመሬት ያለው ክፍተት እንደገና ይጨምራል።

በጀርመን አገር ፈርዲናንድ ፖርሸ የነደፈው ፎልክስዋገን ከ1940 ጀምሮ ለጦር ሠራዊት ሲዘጋጅ በኋላ ጎማዎቹ ላይ እንዲህ ያለ የጥርስ ሳጥን ተገጥሞለታል። የተፈለገውም ከፍታ እንዲያገኝና በእግር ከሚጓዝ ወታደር እኩል ቀስ ብሎ እንዲሄድ ነበር። የፎልክስዋገን ሚኒባስም እስከ 1967 ድረስ በዚሁ ዓይነት አሠራር ይሠራ ነበር።

ጦርነት፣ ክርክርና እስር

ፎልክስዋገንና ሌድቪንካን የሚያገናኛቸው ሌላም ነገር አለ። በ1936 የወጣው ታትራ 97 በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተሩ ከኋላ የተገጠመለት፣ በመካከሉ ቱቦ መሰል አከርካሪ ያለው፣ ጀርባው የጎበጠ መኪና ነበር። ጥቂት ቆይቶ ብቅ ያለው ፎልክስዋገን በአገራችን እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ የሚታየውና ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ከታትራ 97 ጋር ያለው መመሳሰልም በግልጽ ይታያል። ታትራ የፈጠራ መብቴ ተነካ ሲል አቤቱታ አቀረበ። ይሁን እንጂ የናዚ ጀርመን ጦር በ1938 ኮፕርዢቭኒትሴ የምትገኝበትን አካባቢ፣ በ1939 ደግሞ የቀረውን የቼክ ምድር ስለያዘ ክርክሩ ታፈነ። ጉዳዩ እልባት ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ለታትራ የቀድሞ ባለንብረቶች ገንዘብ በመክፈል ነው።

በወረራው ዘመን ፋብሪካው ለጀርመን ጦር የጭነት መኪና እንዲሠራ ተደረገ። በ1942 የወጣው ታትራ 111 በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ 12 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ ስድስት ጎማና የመካከል ቱቦ ነበረው። ይህ መኪና ከጦርነቱ በኋላም እስከ 1962 ሲመረት ቆይቶ ቁጥሩ ከ33 ሺህ በላይ ደርሷል። በሶቪየት ኅብረት የሳይቤሪያ ብርድና መንገድ አልባ ምድርም ብዙ አገልግሎት ሰጥቷል።

መኪናው ሲመሰገን ንድፉን የመራው ሰው ግን በእስር ላይ ነበር። ሌድቪንካ በ1945 ከጀርመኖች ጋር ተባብረሃል በሚል ክስ ተይዞ እስከ 1951 ታሰረ። ሲፈታ ዕድሜው 73 ዓመት ነበር። ወደ ታትራ አልተመለሰም፤ ወደ ትውልድ አገሩ ኦስትሪያ፣ ከዚያም ወደ ጀርመን ሄዶ በሙኒክ ከተማ ተቀመጠ። መጋቢት 2 ቀን 1967 በ89 ዓመቱ በዚያው አረፈ። የቼኮስሎቫኪያ ፍርድ ቤት ከክሱ ነጻ ያደረገው ከሞተ 25 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1992 ነው።

አባት የጀመረውን ልጅ ቀጠለው

የሌድቪንካ ሐሳብ ወደ ተራራ ገበሬው ደጃፍ የደረሰው በልጁ በኤሪክ ሌድቪንካ አማካይነት ነው። ኤሪክ በ1904 ተወልዶ ሙያውን ከአባቱ ጎን በታትራ ቀሰመ። ከዚያም በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ በሽታየር ዳይምለር ፑክ ፋብሪካ ሠራ። በ1959 ሐፍሊንገር የተባለችው ትንሽ መኪና ወጣች። ስሟ የተወሰደው በአልፕስ ተራሮች ላይ ጭነት ከሚሸከም የፈረስ ዝርያ ነው።

ሐፍሊንገር የአባትየውን ቱቦና ክንፍ አክስል ከፖርታል የጥርስ ሳጥን ጋር ያጣመረች ናት። አራቱም ጎማዎቿ ለየብቻ በጥቅል ሞላ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ አራቱም ዘንድ የጥርስ ሳጥን አለ። ጭነት ሆዷን ዝቅ ሲያደርገው የፖርታሉ ከፍታ ይክሳል። የራሷ ክብደት 600 ኪሎ ግራም ያህል ሆኖ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ትጭናለች። ሞተሯ 643 ሲሲ ብቻ የሆነ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው። ከፊትም ከኋላም ዲፈረንሻሏ ስለሚቆለፍ አንድ ጎማ ቢንሸራተት ሌላው ይገፋል። ለኦስትሪያ ጦር ተብላ ብትሠራም በአቀበት ላይ ለሚያርሱና ከብት ለሚያረቡ ገበሬዎችም ድርቆሽ፣ ወተትና እንጨት አመላልሳለች። ምርቷ በ1974 እስኪቆም ከ16 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ከ1971 ጀምሮ የወጣው ትልቁ ወንድሟ ፒንዝጋወርም ይህንኑ አሠራር የተከተለ ነው። ኤሪክ በ1992 አረፈ።

በዚያው ዘመን በጀርመን ሌላ መንገድ የመረጠ መኪና ነበር። ኢንጂነር አልበርት ፍሪድሪክ ያመነጨውና በ1948 በፍራንክፈርት የግብርና ኤግዚቢሽን የቀረበው ዩኒሞግ ፖርታል አክስልን ከወጥ አክስልና ከጥቅል ሞላ ጋር አጣመረ። ዩኒሞግ በማሳ ላይ እንዲያርስና እንዲጎትት የታሰበ ስለነበረ በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት 1270 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተደረገ፤ ይህም ሁለት የድንች ረድፍ የሚይዝ ልክ ነው። ወጥ አክስል ጭነት ሲበዛ ከፍታውን አያጣም፤ ነገር ግን ከጎማው ጋር የሚዘለው ክብደት ይበዛል። ስለዚህ ለእርሻና ለመጎተት ዩኒሞግ፣ ለፈጣንና ለስላሳ የተራራ ጉዞ ሐፍሊንገር የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ለማኅበር መሪዎች የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ዋና ትምህርት መኪና የሚመረጠው በስሙ ወይም በሞተሩ ትልቅነት ሳይሆን በሚሄድበት መንገድና በሚጭነው ዕቃ መሆኑ ነው። አንድ ማኅበር የአባላቱን ገንዘብ አውጥቶ መኪና ከመግዛቱ ወይም ያለውን ከማስለወጡ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያጤን ይጠቀማል።

መጀመሪያ መንገዱን መለካት ያስፈልጋል። በጎማ ዱካዎች መካከል ያለው ጉብታ ከፍታ በክረምት ምን ያህል እንደሚደርስ በሜትር ተለክቶ፣ ከመኪናው ዲፈረንሻል በታች ካለው ክፍተት ጋር መመዛዘን አለበት። መለካቱም ባዶውን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጭነት ተጭኖ መሆን ይገባዋል።

ቀጥሎ የሞላውን ዓይነት ማየት ነው። ከባድ እህልና ማዳበሪያ ዘወትር ለሚጭን መኪና ባሌስትራ ብዙ ጥቅም አለው፤ አክስሉን ራሱ ስለሚይዝ ሌላ ማሰሪያ አይፈልግም፣ አንድ ቅጠል ሲሰበርም ያንኑ ለይቶ መለወጥ ይቻላል። ጥቅል ሞላ ለስላሳ ነው፤ ጎማው መሬቱን ተከትሎ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ነገር ግን አክስሉን በቦታው የሚያቆሙ ክንዶች ይፈልጋል፤ ሲሰበርም ሙሉው ይለወጣል።

ፖርታል አክስል በፋብሪካ ባልተገጠመለት መኪና ላይ አስገባለሁ የሚል ጋራዥ ሲገኝም ጥያቄ ማቅረብ ይገባል። ሁለት ጥርሶች ሲያያዙ የመዞሪያው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ዲፈረንሻሉ ዞሮ ካልተገጠመ ወይም ሦስተኛ ጥርስ በመካከል ካልገባ መኪናው ወደፊት ሲባል ወደኋላ ይሄዳል። የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑ ቱቦ፣ የትራንስሚሽኑ ዘንግ የሚያርፍበት ማዕዘን ሁሉ ለአዲሱ ከፍታ መስተካከል አለባቸው። መኪናው ከፍ ባለ መጠን በተዳፋት ላይ የመገልበጥ አደጋው ስለሚጨምር የጎማዎቹ ስፋት አብሮ መጨመር ይኖርበታል።

በመጨረሻም ጥገናውን ማሰብ ነው። ፖርታል አክስል በየጎማው አንድ ተጨማሪ የዘይት ሳጥን ማለት ነው። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱ መታየት አለበት፤ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ስለገባበት ኩሽኔታውና ጥርሱ ሳይበሉ ወዲያውኑ መለወጥ ይገባል። መለዋወጫው በቅርብ የማይገኝ፣ ዘይቱን የሚከታተል ሰው ያልተመደበለት መኪና የቱንም ያህል ከፍ ቢል ዞሮ ዞሮ ቆሞ መቅረቱ አይቀርም። መንገዱ የውኃ መውረጃ ቦይ ወጥቶለት፣ ጉብታው ተደልድሎ ከተሠራ ግን ተራው ባለ ባሌስትራ መኪናም ብዙ ክረምት ሊያገለግል ይችላል።

ሌድቪንካ በ1923 የዘረጋው የመካከል ቱቦና ክንፍ አክስል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም በኮፕርዢቭኒትሴ በሚሠሩት ከባድ የታትራ መኪናዎች ላይ ይገኛል።